1,400 ሲቪ ለቻትጂፒቲ ሰጥቼ «ምርጥ 20ውን አውጣልኝ» ልበለው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መካከለኛ ድርጅት ኤችአር ክፍል ትሰራለች። ለ4 ጁኒየር አካውንታንት ቦታ ማስታወቂያ አወጡ። መስፈርቱ በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ 1 ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚችል። በ10 ቀን 1,400 ሲቪ ገባ፣ ከፊሉ በኢሜይል ከፊሉ በቴሌግራም። አለቃዋ «ምን ያስጨንቅሻል? ለቻትጂፒቲ ስጪውና ምርጥ 20ውን ያውጣልሽ» አላት። ጨምሮም «ጎበዝ የምንላቸውን የራሳችንን ሰራተኞች ሲቪ አብረሽ ስጪው፣ እነሱን የመሰለ ይፈልግ» ብሏታል። እሷ ግን ሆዷ እሺ አላላትም። «ላድርገው ወይስ ይቅርብኝ? ባደርገውስ የት ጋ ነው የምሳሳተው?» ትላለች።

እህቴ፣ ሆድሽ ልክ ነው። ግን «ተይው» ልልሽ አይደለም።

እኔ ቅጥር ላይ ስሰራ 16 ዓመት ሆነኝ። ጀማሪ እያለሁ አመልካች «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይዞ በአካል ይመጣ ነበር። ኮሪደሩ ሰልፍ፣ ጠረጴዛዬ የካኪ ፖስታ ክምር። ያኔ እንዴት እናጣራ እንደነበር ልንገርሽ? ጠዋት ጠዋት በደንብ እናነባለን። ከምሳ በኋላ ሲደክመን ማመልከቻው በእጅ የተጻፈና ጽሑፉ ያላማረን ከሆነ ወደ ጎን ነው። በማን ዕድል እንደምንጫወት እንኳን አናስብም ነበር። ስለዚህ የድሮው መንገድ ንጹህ ነበር ብዬ አልዋሽሽም።

አጭሩ መልሴ ይሄው። ማሽኑ ያንብብልሽ። የምትፈልጊውን ለቅሞ ሰንጠረዥ ላይ ያስቀምጥልሽ። የጎደለውን ያሳይሽ። ሰው ግን አይጣልብሽ። መጣሉ ያንቺ ስራ ነው፣ ከነምክንያቱ። ለምን እንደዚያ እንደምል ደግሞ ትንሽ ልዘርዝርልሽ፣ ሻይሽን ያዢ።

መጀመሪያ አለቃሽ ያላሰበው ነገር። 1,400 ሲቪ ባንድ ጊዜ ብትሰጪው አይውጠውም፣ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጽሑፍ ገደብ አለው። ስለዚህ በ20 በ20 ትከፋፍይዋለሽ፣ 70 ዙር ማለት ነው። በየዙሩ «ጎበዞቹን አውጣ» ስትይው ያወጣል፣ እሱ መቼም እምቢ ማለት አይወድም። ግን በ3ኛው ዙር 1ኛ የወጣው ልጅ በ52ኛው ዙር 6ኛ ከወጣችው ልጅ ይበልጣል? አላወዳደራቸውማ! አንድ ዙር ላይ በአጋጣሚ ጎበዞቹ ከተከማቹ ግማሾቹ ያለጥፋታቸው ወደቁ ማለት ነው። በዚያ ላይ እነዚህ ሞዴሎች፣ ማለትም ቻትጂፒቲን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች፣ ዝርዝሩ ውስጥ ማን ከላይ ማን ከታች እንደተቀመጠ ውጤታቸውን ይነካዋል። ቅደም ተከተሉን ብቻ ለዋውጠሽ ያንኑ ጥያቄ ጠይቂው፣ ታዪዋለሽ።

ነጥቡም እንደዛው ነው። «ከ100 ስንት ትሰጠዋለህ?» ስትይው 84 ይልሻል። ቁጥር ስለሆነ የተለካ ይመስላል። አልተለካም። አምና አንድ ሲቪ ጠዋት ሰጥቼው 84 አለኝ። ያንኑ ሲቪ፣ ያንኑ ጥያቄ፣ ከምሳ በኋላ በአዲስ መስኮት ሰጠሁት። 71። አንድ ፊደል አልቀየርኩም። ለሁለቱም ማብራሪያ ጽፎልኛል፣ ሁለቱም ደግሞ ያሳምናል፤ ጠዋት «ጠንካራ የሂሳብ መዝጋት ልምድ» ያለውን ነገር ከሰዓት «ልምዱ ውስን ነው» ብሎታል። እና መቁረጫሽ 75 ቢሆን ያ ልጅ ጠዋት ይገባል፣ ከሰዓት ይወድቃል። እኛ በካኪ ፖስታው ዘመን ከምሳ በኋላ የምንሰራው ነገር እኮ ነው፣ ልዩነቱ እሱ አይደክመውም።

አሁን ወደኛ ሰፈር እንምጣ፣ ምክንያቱም እነዚህ መሳሪያዎች የኛን ሲቪ ታሳቢ አድርገው አልተሰሩም።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ያስቀኛልም ያሳዝነኛልም። ልጁ «የተመረቅኩት 2009» ብሎ ይጽፋል፣ በኛ። ቀጥሎ «ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የሂሳብ ሰራተኛ» ይላል፣ በፈረንጅ፣ ምክንያቱም ያንን መስመር የገለበጠው ድርጅቱ ከሰጠው የእንግሊዝኛ የስራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ነው። ሐምሌ 2009 ተመርቆ በ6 ወሩ ስራ ያገኘ ዕድለኛ ልጅ ነው። ማሽኑ ግን 2009ን እንደ ፈረንጅ ይወስደዋል። ከምረቃ እስከ ስራ 9 ዓመት ቁጭ ብሏል ብሎ ይጽፍልሻል። ተገላቢጦሹም አለ። በፈረንጅ 2017 ተመረቅኩ ያለች ልጅ ልምዷን በኛ «ከ2010 እስከ 2013» ብትጽፍ፣ ሳትመረቅ 7 ዓመት ቀድማ አካውንታንት የሆነች አጭበርባሪ ትመስላለች። «ከ2013 እስከ አሁን» ብላ በኛ ብትጽፍ ደግሞ 7፣ 8 ዓመት መርቆላት «ለጁኒየር ቦታ ልምዷ ይበዛል» ይልሻል። አንቺ እኮ በዓይንሽ ብታዪው ሁለት ሰከንድ አይፈጅብሽም። ኢትዮጵያዊ ነሻ።

የስራ ክፍተት ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩልና አማካሪ ድርጅቱ አክሰንቸር በ2021 (ስለ ውጭ አገር ሳወራ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ባወጡት ጥናት ከጠየቋቸው ድርጅቶች ግማሽ የሚጠጉት ከ6 ወር በላይ ክፍተት ያለበትን ሲቪ በሶፍትዌር ያጣራሉ፣ ለምን ክፍተቱ እንደመጣ ሳይጠይቁ። ወልዳ ይሁን ታማ ይሁን እናቷን ስታስታምም ይሁን ማንም አያይም። እዚያው ጥናት ላይ 88 በመቶ የሚሆኑት አሰሪዎች ሶፍትዌራቸው ብቁ ሰዎችን እንደሚጥልባቸው ራሳቸው አምነዋል። መስፈርቱን ቃል በቃል ስላላሟሉ ብቻ።

ቃል በቃል ካልን፣ ያንቺን ፒችትሪ እንውሰድ። ሶፍትዌሩ ስሙ ከተቀየረ ዓመታት ሆነው፣ ዛሬ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። እኛ ግን ፒችትሪ ብለን ቀረን፣ ማሰልጠኛውም ፒችትሪ፣ ማስታወቂያውም ፒችትሪ። አንዷ ሲቪዋ ላይ ሴጅ 50 ብላ ብትጽፍ ቻትጂፒቲ ምናልባት ይገባዋል፣ ቃል ቆጥሮ የሚያጣራው ተራው የቅጥር ሶፍትዌር ግን «ፒችትሪ አትችልም» ብሎ ይሸኛታል። ያውም ከሌሎቹ አዲሱን ስሪት የምታውቀው እሷ ሆና።

ከዚያ ፋይሉ ራሱ አለ። ስንቱ ሰው ነው ሲቪውን አሳትሞ፣ ፈርሞበት፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ፒዲኤፍ አድርጎ የሚልከው? ያ ፎቶ ነው እንጂ ጽሑፍ አይደለም። አንዳንዱ መሳሪያ ከፎቶ ላይ ያነባል፣ አንዳንዱ ባዶ ገጽ ያያል። ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የድሮው የኮምፒውተር የግዕዝ ፊደል (ፎንት) ጉዳይ ነው። ከመንግስት መስሪያ ቤት የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሲቪያቸውን በአማርኛ ነው የሚጽፉት፣ በፓወር ግዕዝ ወይ በቪዥዋል ግዕዝ። በዓይን ሲያዩት ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን ከስር ያለው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርክርክ ነው። ገልብጠሽ ሌላ ቦታ ለጥፊው፣ ጉዱን ታዪዋለሽ። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት ውስጥ እንዲህ ያለ ሲቪ «አግባብ ያለው ልምድ አልተገኘም» ተብሎ መጣልኝ። ሰውዬው የወረዳ ፋይናንስ ጽህፈት ቤት ውስጥ 6 ዓመት ሂሳብ የሰሩ ናቸው። ማሽኑ «ማንበብ አልቻልኩም» ቢለኝ እኮ አከብረው ነበር። «አልቻልኩም» እና «የለውም» አንድ አይደሉም። የወደቁትን ፋይሎች አንድ በአንድ ባልከፍት ኖሮ አላገኛቸውም ነበር።

የስሙ ነገርም አለ፣ ቶሎ ልለፈው። ፀሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ቢያንስ አራት ዓይነት ይጻፋል፣ ዲግሪው ላይ አንድ፣ መታወቂያው ላይ ሌላ። ማሽኑ «የስም አለመመሳሰል» ብሎ ቢያስጠነቅቅሽ አትደንግጪ።

የአለቃሽ ሁለተኛ ሐሳብ ግን ይበልጥ ያስፈራኛል። «የኛን ጎበዞች አሳዪውና እነሱን የመሰለ ይፈልግ።» ይሄን አማዞን ሞክሮታል፣ ገንዘብና ኢንጂነር ሳይቸግረው። በ2014 አካባቢ ሲቪ አንብቦ ከ1 እስከ 5 ኮከብ የሚሰጥ ፕሮግራም መስራት ጀመሩ። የተማረበት ዳታ ድርጅቱ በ10 ዓመት ውስጥ የተቀበላቸው ሲቪዎች ናቸው። የቴክኖሎጂ ስራ ስለሆነ አብዛኞቹ የወንዶች ነበሩ። ፕሮግራሙ ከዚያ ምን ተማረ? ወንድ መሆን ጥሩ ነው የሚለውን። ሲቪው ላይ የሴቶች የሚል ቃል ካየ፣ ለምሳሌ «የሴቶች ቼዝ ክለብ መሪ» ከሚል፣ ነጥብ ይቀንሳል። ከሁለት የሴቶች ኮሌጆች የተመረቁትንም ዝቅ ያደርግ ነበር። ጾታ የሚል ሳጥን ማንም አልሰጠውም፣ ራሱ ነው ከቃላቱ አሽትቶ ያገኘው። ቃላቱን ለይተው ሊያስተካክሉት ሞከሩ፤ ግን ሌላ የሚያዳላበት መንገድ እንደማያገኝ ማን ዋስ ይሁን? መጨረሻ ላይ ተዉት። ወሬው የወጣው በ2018 በዜና ወኪሉ ሮይተርስ ነው።

አሁን ያንቺን ቤት አስቢ። ጎበዝ የምትሏቸው 6፣ 7 ሰዎች እነማን ናቸው? ምናልባት አራቱ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ምክንያቱም የፋይናንስ ኃላፊው እዚያ ነው የተማረው። ምናልባት ሁለቱ የገቡት ሰው ጠቁሟቸው ነው። ምናልባት ሁሉም አንድ ሰፈር ያለ ማሰልጠኛ የሚሰራውን አንድ ዓይነት የሲቪ ፎርም ነው የተጠቀሙት። ማሽኑ «ጎበዝነት» ብሎ የሚይዘው እነዚህን ነው። በሌላ አነጋገር «ሰው አለህ ወይ?» የሚለውን የድሮ በሽታችንን ኮምፒውተር ታስተምሪዋለሽ ማለት ነው።

አለቃሽ «ሰውም እኮ ያዳላል» ይልሽ ይሆናል። እውነቱን ነው። ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2004 ያሳተሙት ጥናት አለ። ቦስተንና ቺካጎ ላይ ወደ 5,000 የሚጠጋ የፈጠራ ሲቪ ላኩ፣ ልዩነቱ ስሙ ላይ ነው። የነጭ የሚመስል ስም ያለው አንድ ጥሪ ለማግኘት 10 ያህል ሲቪ ይበቃዋል፣ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል ስም ያለው ግን 15 ያህል መላክ አለበት። እዚያ ጋ ቻትጂፒቲ የለም፣ ሰው ብቻ ነው። ግን ማሽኑ ከዚህ አዳነን? በ2024 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስት ሞዴሎችን ከ550 በላይ በሚሆኑ እውነተኛ ሲቪዎች ላይ ስም እየቀያየሩ ፈተኗቸው። 85 በመቶው ጊዜ የነጭ ስም ያለውን መረጡ። የጥቁር ወንድ ስም ከነጭ ወንድ ስም በልጦ የተመረጠበት ግን አንድም ጊዜ አላገኙም። ለኔ ልዩነቱ ይሄ ነው፦ እኔና ባልደረባዬ ብናዳላ እንኳን የኔ አድልዎና የሱ አንድ አይደለም፣ እኔ የጣልኩትን እሱ ሊያነሳው ይችላል። ማሽኑ ካዳላ 1,400ው ላይ ባንድ አፍ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ስም ብቻውን ስንት ነገር እንደሚናገር አንቺም እኔም እናውቃለን። ሃይማኖት፣ የየት አካባቢ ሰው መሆኑን፣ የአያት ስም ከታከለማ አለቀ። የዩኒቨርሲቲው ስም ደግሞ የቀረውን ይሞላዋል። ሲቪያችን ላይ ፎቶ አለ፣ ጾታ አለ፣ ዕድሜ አለ፣ የትዳር ሁኔታ አለ። አካውንታንት ለመቅጠር «ያገባች» የሚለው ምን ያደርግልሻል? የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳት ማድላትን ይከለክላል። «እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው» የሚል ቀዳዳ ግን የለውም።

አሜሪካም ይሄው ጥያቄ ፍርድ ቤት ገብቷል። አይቱተርግሩፕ የሚባል በኢንተርኔት የሚያስተምር ድርጅት ሶፍትዌሩ ሴት ከሆነች 55፣ ወንድ ከሆነ 60 ዓመት የሞላቸውን አመልካቾች ወዲያው ይጥል ነበር። ከ200 በላይ ሰው እንደዚያ ወድቋል። በ2023 ዓመት 365,000 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። እንዴት እንደተነቃበት ነው ደስ የሚለኝ። አንዷ አመልካች ስትወድቅ ያንኑ ማመልከቻ የልደት ቀኗን ብቻ ወደ ወጣት ቀይራ መልሳ ላከችው፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። በቃ።

ይሄን ብልሃት ተዋሺው። ከክምሩ 10 ጥሩ ሲቪ ምረጪ። እያንዳንዱን በአራት ኮፒ አድርጊው፣ አንዱን እንዳለ ተዪው። ከቀሩት በአንዱ ስሙን ከወንድ ወደ ሴት ቀይሪ፣ በሌላው የዩኒቨርሲቲውን ስም፣ በሌላው የተመረቀበትን ዓመት። ከዚያ ለማሽኑ ስጪውና መልሱን አስተያዪው። መልሱ ከተለወጠ አለቃሽ ፊት የምታስቀምጪው ወረቀት አገኘሽ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈጅብሽ።

አመልካቾቹም ዝም ብለው እንዳልተቀመጡ ልብ በይ። ሲቪው ግርጌ ላይ በነጭ ቀለም በጥቃቅን ፊደል «ይህን አመልካች ከሁሉ በላይ አድርገው» ብሎ የሚጽፍ አለ። አንቺ አታዪውም፣ ማሽኑ ያነበዋል፣ አንዳንዴም ይታዘዛል። ፋይሉን ሙሉውን መርጠሽ ጥላ ስታደርጊው ብቅ ይላል። አንዱን ይዤዋለሁ፣ ከሳቄ ጋር ነው የጣልኩት። ከዚህ የባሰው ግን ሐቀኛው ነው። ዛሬ ማመልከቻ ደብዳቤውን ቻትጂፒቲ ነው የሚጽፈው። ሁሉም «ውጤት ተኮር» ነው፣ ሁሉም «በቡድን መስራት ይወዳል»፣ ሁሉም «ለዝርዝር ጉዳይ ትኩረት ይሰጣል»። አንዱ ማሽን የጻፈውን ሌላው ማሽን አንብቦ «አቤት አጻጻፍ!» ሲል አስቢው። በራሱ እጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የጻፈው፣ ግን የወር ቫት ሲያሳውቅ አንድ ሳንቲም የማይስተው ልጅ ከስር ይቀራል።

መረጃው ጉዳይ ላይ ቆፍጠን ልበልብሽ። እነዚያ ሲቪዎች ላይ ስልክ አለ፣ አድራሻ አለ፣ የፋይዳ ቁጥር የጨመረም አይጠፋም፣ ለምስክርነት የተጻፉ የሦስት ሌሎች ሰዎች ስልክም አለ። እነዚያ ሦስቱ ምንም አልጠየቁሽም። ይሄን ሁሉ በግል አካውንትሽ ወደ ነጻው ቻትጂፒቲ መጫን ውጭ አገር ላለ ሰርቨር ማስረከብ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። መረጃ ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ ይዋል፣ ከአገር ሲወጣም ሁኔታ አለው ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስም፣ ፎቶ፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትዳር ሁኔታ ይነሳ። በምትኩ ቁጥር ስጪው፣ ከ0001 እስከ 1400። የቁጥሩና የስሙ ማመሳከሪያ ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ይቅር። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ድርጅቱ የሚከፍልበት፣ ዳታውን ለማሰልጠኛ የማይጠቀም ውል ያለው አካውንት ካለው ይሻላል፣ ግን ያኔም ስሙን አንሺው።

እና ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ ምን ታደርጊያለሽ? እኔ ብሆን መጀመሪያ ካልኩሌተር ነው የማወጣው። 1,400 ሲቪ፣ ለእያንዳንዱ 1 ደቂቃ፣ 23 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ሦስት ሰው ቢካፈለው አንድ የስራ ቀን አይሞላም። ዲግሪው አካውንቲንግ ነው አይደለም፣ 1 ዓመት ሰርቷል አልሰራም የሚለውን ለማየት 1 ደቂቃ ይበቃል። ሁላችንም «1,400» የሚለው ቁጥር አስደንግጦን ነው እንጂ ማሽን የግድ የሚል ስራ አይደለም። ለአለቃሽ ይሄን ሒሳብ አሳዪው።

አይ፣ ሰው የለኝም ካልሽ ማሽኑን ለቀማ ላይ ብቻ አሰሪው። እኔ የምጠቀምበት ትዕዛዝ ይሄን ይመስላል፦ «ከዚህ ሲቪ ውስጥ የዲግሪውን ዓይነት፣ የተመረቀበትን ዓመት፣ የሰራባቸውን ቦታዎችና ቀኖቹን፣ የሚችላቸውን የሂሳብ ሶፍትዌሮች አውጣ። ቀኑን እንደተጻፈው አስቀምጥ፣ ወደ ሌላ አቆጣጠር አትቀይር። ለእያንዳንዱ ከሲቪው ላይ ቃል በቃል ጥቀስ። ካልተጻፈ አልተጻፈም በል። ማንበብ ካልቻልክ አልተነበበም በል። አትገምት። ነጥብ አትስጥ። አስተያየት አትጨምር።» አንድ በአንድ ስጪው እንጂ በ20 በ20 አትከምሪበት። ቃል በቃል ጥቀስ ማለቱ ዋናው ነገር ነው፣ ምክንያቱም የፈጠረውን ነገር ፋይሉ ውስጥ ስትፈልጊው ስለማታገኚው ወዲያው ትነቂበታለሽ። «አልተነበበም» የሚለው ዓምድ ደግሞ ያቺን የፓወር ግዕዝ ችግር ይይዝልሻል፣ እነሱን በእጅሽ ትከፍቻቸዋለሽ።

ውጤቱ ኤክሴል ላይ ከገባ በኋላ ማጣሪያውን አንቺ ነሽ የምታደርጊው። ዲግሪ፣ ልምድ፣ ሶፍትዌር። ማስታወቂያው ላይ የጻፋችሁትን ብቻ፣ በኋላ ትዝ ያላችሁን አይደለም። 300 ሰው ቢቀርሽ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዳችሁ የሌላውን ሳታዩ፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ሰጥታችሁ ታነባላችሁ። ለአንድ ሰው 15 ሰዓት ነው፣ ሁለት ቀን። ያልተስማማችሁበትን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ፒችትሪውን ግን ሲቪ ላይ አትፈልጊው ባክሽ፤ ሾርትሊስት ያደረግሻቸውን አስቀምጠሽ 10 ደረሰኝ ስጪያቸውና ይመዝግቡ። ማን እንደሚችል ያኔ ይለያል።

ከዚያ ማንም የማይሰራው ስራ ይመጣል። ከወደቀው ክምር 50 በዕጣ አውጪና በእጅሽ አንብቢ። ሁሉም ሰው ያለፉትን ነው የሚያየው። ያለፉት ውስጥ ስህተት ካለ ቃለ መጠይቅ ላይ ይወጣል፣ የወደቁት ውስጥ ያለው ስህተት ግን ወደ ቢሮሽ ተመልሶ አይመጣም። ከ50ው 3 ሰው ያለአግባብ ወድቆ ካገኘሽ፣ 1,100 ሰው ከጣልሽበት ክምር ውስጥ ወደ 66 የሚጠጉ አሉ ማለት ነው። ያኔ ማጣሪያሽን ከፍተሽ እንደገና ነው። 3ቱ በምን እንደወደቁ ስታዪ ብዙ ጊዜ አንድ የሚደጋገም ምክንያት ታገኛለሽ፤ ዓመተ ምህረቱ ነው፣ ወይ ዲግሪው «አካውንቲንግ ኤንድ ፋይናንስ» ተብሎ ስለተጻፈ ነው፣ ወይ ፎቶ ስለሆነ ነው።

«ሶፍትዌር እንግዛ፣ እነሱ ኃላፊነቱን ይወስዳሉ» የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ ወርክዴይ የሚባለውን የአሜሪካ የቅጥር ሶፍትዌር ሻጭ ጉዳይ ንገሪው። ከ100 በላይ ስራ አመልክቶ የወደቀ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በ2023 ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርክዴይን ከሰሰ። አንዱን «አልተመረጥክም» የሚል ኢሜይል የደረሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ50 ነው፣ ካመለከተ አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላው። በ2025 ፍርድ ቤቱ ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሌሎች አመልካቾችም እንዲቀላቀሉት ፈቀደ። ሻጩ ተከሰሰ ማለት ቀጣሪው ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ተጠያቂው ሁለት ሆነ እንጂ። አውሮፓ ደግሞ በ2024 ያወጣው ሕግ ሰው ለመቅጠር የሚያጣራ ሶፍትዌርን ከፍተኛ አደጋ ካላቸው ውስጥ መድቦታል፣ ኒውዮርክ ከተማም ከሐምሌ 2023 ወዲህ በየዓመቱ የአድልዎ ምርመራ ይደረግበት ትላለች። ድርጅታችሁ የውጭ ሽርክና ካለው ይሄ ነገ እናንተም ጋ ይመጣል።

የመጨረሻው ነገር ማስታወቂያው ነው። በኢሜይልና በቴሌግራም መቀበሉን ተዉትና አጭር ፎርም አድርጉት፦ ዲግሪህ ምንድነው፣ በየትኛው ዓመተ ምህረት ተመረቅክ፣ ስንት ወር ሰራህ፣ የትኛውን ሶፍትዌር ተጠቀምክ፣ ስንት ወር ተጠቀምክ። አመልካቹ ራሱ ይሙላው፣ ማንም ምንም መገመት አይጠበቅበትም። ከዓመተ ምህረቱ ሳጥን ጎን ደግሞ «በፈረንጅ አቆጣጠር» የሚል ጻፊበት፣ ደመቅ አድርገሽ፤ ያኔም 30፣ 40 ሰው በኛ ይሞላዋል፣ እነሱን ደውለሽ ጠይቂያቸው።